ቅጠሉን ያራገፈ የጓሮ ዛፍ፦ ከመቁረጥዎ በፊት ቀንበጡን ያንብቡ

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፦ «በኅዳር መጨረሻ የገባንበት ቤት ጓሮ ውስጥ አንድም ቅጠል የሌለው ዛፍ አለ። ቁመቱ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ እብጠት አለ። ከእብጠቱ ሥር አምስት ስድስት ቀጥ ያሉ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ወጥተዋል፤ እነሱ በአንድ በኩል ቀላ ያሉ፣ በሌላ በኩል አረንጓዴ ናቸው። የላይኞቹ ግን ቡናማ ሆነው ጉጥ በጉጥ ናቸው። ግንዱ ላይ ማር የመሰለ ሙጫ ደርቋል። ሥሩን ስንኮተኩት ሁለት ዓይነት ዘር አገኘን፤ አንዱ የተቦረቦረ፣ ሌላው ጠፍጣፋና ለስላሳ። አንዲት ጎረቤታችን ኮክ ነው ይላሉ። ሌላው ቀይ ለስላሳ ፍሬ ነው የሚያፈራው፣ ኮክ አይደለም ይላሉ። ሦስተኛው ሞቷል ቁረጡት ብለውናል። የስልክ መተግበሪያ ደግሞ ፎቶ ባነሳን ቁጥር ሌላ ስም ይሰጠናል። ውሃ ጠምቶት ይሆናል ብለን በየቀኑ ሁለት ጀሪካን እናጠጣዋለን። ምን ዛፍ ነው? ከመሬት ብንቆርጠው ታድሶ አይወጣም?»

አይቁረጡት። ውሃውንም ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። ከጻፉት ዝርዝር እንደምረዳው ጓሮዎ ውስጥ ያለው በአንድ ሥር ላይ የቆሙ ሁለት ዛፎች ናቸው፤ ከእብጠቱ በላይ ያለው ፕለም (ቀይ ለስላሳ ፍሬ የሚያፈራው)፣ ከእብጠቱ ሥር የወጣው ኮክ። ኮክ ያሉት ጎረቤትም ቀይ ለስላሳ ፍሬ ያሉትም ያዩትን ነው የነገሩዎት። ሞቷል ያሉት ግን የቅጠሉን አለመኖር ብቻ ተመልክተው ነው፤ በታኅሣሥ ወር ደብረ ብርሃን ላይ ይህ የሞት ማስረጃ አይሆንም።

ግራ የሚያጋባው ዙሪያው ሁሉ አረንጓዴ መሆኑ ነው። በደብረ ብርሃን አካባቢ ዓይን የለመዳቸው ዛፎች፣ ማለትም ባሕር ዛፉ፣ ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው፣ ክትክታው፣ ለመኖ የሚተከለው ትሪ ሉሰርንም ጭምር፣ በጋውን ቅጠላቸውን እንደያዙ ያልፉታል። ስለዚህ መለመላውን የቆመ ነገር ሲታይ መጥረቢያ ይታሰባል። ከብርድ አገር የመጡት ኮክ፣ ፕለም፣ አፕልና ፒር ግን ዝናቡ ካቆመና ሌሊቱ ከበረደ በኋላ ቅጠላቸውን ጥለው ዕረፍት ይገባሉ። ከዚያ ዕረፍት የሚነቁት ቀኑ ስለሞቀ ብቻ አይደለም። አስቀድሞ እንቡጣቸው የሚበቃውን ያህል ቅዝቃዜ ማጠራቀም አለበት። ይህ በተለምዶ የሚቆጠረው ከ0 እስከ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ብርድ ውስጥ ባለፉ ሰዓታት ነው፤ «አና» የተባለው የአፕል ዝርያ ከ200 እስከ 300 ሰዓት ሲበቃው፣ ብዙዎቹ የአውሮፓ አፕሎች 1,000 ሰዓት አካባቢ ይፈልጋሉ።

2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ሌሊት ውርጭ ቢጥልም ቀን ፀሐዩ ጠንካራ ነው፤ የቀኑ ሙቀት ሌሊት ከተጠራቀመው ቅዝቃዜ ከፊሉን ይሽረዋል። ቅዝቃዜው ያልሞላለት ዛፍ አነቃቁ የተዘበራረቀ ይሆናል። የቅርንጫፉ ጫፍ ያቆጠቁጣል፣ መካከሉ ግን እስከ ሚያዝያ ድረስ ራቁቱን ሊቆይ ይችላል። አንዱ ቅርንጫፍ አብቦ ሌላው ተኝቶ ይታያል። ይህን ያየ ሰው ግማሹ ሞቷል ብሎ ደህናውን እንጨት ሲቆርጥ ማየት የተለመደ ነው።

ቅጠሉን ራሱ ያራገፈውን ዛፍ፣ ውርጭ ከገደለው ለመለየት የሚረዳ አንድ ቀላል ምልክት አለ። ዛፉ ራሱ የጣለው ቅጠል ንጹሕ ጠባሳ ትቶ ነው የሚወድቀው፤ ቅጠሉ የነበረበት ቦታ ላይ ትንሽ ግማሽ ክብ ምልክት፣ ከበላዩም እንቡጥ ያገኛሉ። ውርጭ በድንገት የገደለው ቅርንጫፍ ግን ቅጠሉን ለመጣል ጊዜ ስለማያገኝ፣ ደርቆና ጠቁሮ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ደጋ ላይ የተሞከረ አቮካዶና ሎሚ በታኅሣሥ የሚታይባቸው ይኸው ነው። የእርስዎ ዛፍ አንድም ቅጠል የለውም ብለዋል፤ ጥሩ ምልክት ነው።

ቀጥሎ ልጡን ይፈትሹ። በላይኞቹ ቅርንጫፎች ላይ የእርሳስ ውፍረት ያለው ቦታ መርጠው በጥፍር ወይም በምላጭ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይፋቁ። ከቅርፊቱ ሥር እርጥብ አረንጓዴ ከታየ ሕያው ነው፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ያ ቦታ ሞቷል። ጫፉ ሞቶ ግንዱ ሊኖር ስለሚችል በአንድ ፍቅታ አይወስኑ። ከጫፍ ጀምረው በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ወደ ታች እየወረዱ አረንጓዴው የሚጀምርበትን ቦታ ያግኙ። ይህን ከእብጠቱ በላይ ባሉት ሦስት አራት ዋና ቅርንጫፎች ላይ ሁሉ ያድርጉት። ከእብጠቱ በታች ያሉት ቀጥ ያሉ ቡቃያዎች ሕያው እንደሆኑ ቀለማቸው ስለሚናገር እነሱን መፋቅ አያስፈልግም፤ የላይኛውን ጤናም አይነግሩዎትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከታች አረንጓዴ አይቶ ዛፉ ደህና ነው ብሎ ይደመድማል።

ወደ ማንነቱ እንሂድ። የስልክ መተግበሪያዎቹ በአብዛኛው የተለማመዱት በቅጠል፣ በአበባና በፍሬ ፎቶ ላይ ነው፤ ራቁቱን የቆመ ዛፍ በሙሉ ቁመናው ሲቀርብላቸው ይገምታሉ። ሰውም ከሩቅ ቆሞ ቅርጹን ቢያይ ከእነሱ የተሻለ አይሆንም፤ ምክንያቱም የጓሮ ዛፍ ቅርጽ የሚነግርዎት የቀድሞው ባለቤት እንዴት እንደገረዘው ነው። መነበብ ያለበት ቀንበጡ ነው። ያለፈው ዓመት ዕድገት የሆነ፣ 30 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ቀንበጥ ከላይም ከታችም አንዳንድ ይቁረጡና የተለያየ ምልክት ያለው ክር ይሰሩባቸው። አለበለዚያ ጠረጴዛ ላይ ሲደርሱ ይቀላቀላሉ፤ የእርስዎ ጥያቄ ደግሞ በሙሉ የተንጠለጠለው የላይኛውን ከታችኛው ባለመቀላቀል ላይ ነው። ቀን ብርሃን፣ ምላጭ፣ ማስመሪያና የስልክ ካሜራ ይበቃዎታል።

መጀመሪያ እንቡጦቹ በቀንበጡ ላይ የተቀመጡበትን ሥርዓት ይመልከቱ። እንቡጥ ስል ያልተከፈተውን የቅጠልም የአበባም ጥንስስ ነው። ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ከተቀመጡ ከኮክና ከአፕል ዘመዶች ውጭ የሆነ ነገር ይዘዋል፤ ሮማን ወይም ጃካራንዳ ሊሆን ይችላል። አንዱ በግራ ሌላው ከፍ ብሎ በቀኝ እየተፈራረቁ ከወጡ ግን ኮክ፣ ፕለም፣ አፕልና ፒር ሁሉም በዚህ ውስጥ ስለሚገቡ ገና መለየት ይቀራል።

ኮክን በይበልጥ የሚያስለየው በአንድ አንጓ (እንቡጥ በሚወጣበት የቀንበጡ ቦታ) ላይ ሦስት እንቡጥ ጎን ለጎን መደርደሩ ነው። ግራና ቀኝ ያሉት ወፍራምና ግራጫ ፀጉር የለበሱ ናቸው፤ አበባ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። በመካከል ያለው ቀጭንና ሹል ሲሆን ቅጠል ያወጣል። በየአንጓው ሦስት ላይሆኑ ይችላሉ፤ አንድ ወይም ሁለት ያለበት ብዙ ቦታ ያገኛሉ። በተለይ ከሥር በኃይል የተተኮሰ ቡቃያ በመጀመሪያው ዓመት የቅጠል እንቡጥ ብቻ ሊኖረው ስለሚችል፣ ሦስቱን ከፈለጉ ቢያንስ ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ቡቃያ ላይ፣ በመካከለኛው ክፍሉ ይፈልጉ። የኮክ ቀንበጥ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል ይቀላል፣ በጥላው በኩል አረንጓዴ ይሆናል፤ እርስዎ የገለጹት በትክክል ይህ ነው። ጫፉም ላይ እውነተኛ የጫፍ እንቡጥ አለው። ልጡን ፍቀው ቢያሸቱት የኮክ ዘር ሲፈረከስ የሚወጣው ያ መራራ ሽታ አለ። ያሽቱት እንጂ አያኝኩት።

ፕለም በተቃራኒው ፍሬውን በአብዛኛው የሚይዘው አጫጭርና ጉጥ በመሰሉ ቅርንጫፎች ላይ ነው። ከ2 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይረዝማሉ፤ በላያቸውም ትንንሽ፣ ቡናማ፣ ፀጉር የሌላቸው እንቡጦች ተሰባስበው ይቀመጣሉ። ቀንበጡ የሚያበቃበትን ቦታ ቀረብ ብለው ሲያዩ እውነተኛ የጫፍ እንቡጥ የለም። የደረቀች ትንሽ ጫፍ ወይም ጠባሳዋ ትታያለች፤ የመጨረሻው እንቡጥ ከጎኗ ነው። ይህችን ነጥብ በስልክ ካሜራ አጉልተው ካዩ ኮክና ፕለምን በአንድ ደቂቃ ይለያሉ። በግንዱና በወፈሩት ቅርንጫፎች ቅርፊት ላይ አግድም የተሰመሩ አጫጭር ሰረዞችም ይታያሉ፤ እነሱ ግን ኮክም ላይ ስለሚገኙ ብቻቸውን አይፈርዱም።

አፕልም ጉጣም ነው፤ ስለዚህ ጉጥ አየሁ ብሎ ፕለም ማለት አይቻልም። የአፕል ጉጥ ወፍራምና የተሸበሸበ ነው፤ ጫፉ ላይ አንድ ትልቅ፣ ነጭ ፀጉር የነካው እንቡጥ ይቀመጣል። የጎን እንቡጦቹ ጠፍጣፋ ሆነው ከቀንበጡ ጋር ይለጠፋሉ። ፒር ደግሞ ሹል፣ ፀጉር የለሽ፣ ከቀንበጡ ወደ ውጭ የሚጠቁም እንቡጥ አለው፤ ቅርንጫፉ ወደ ላይ ይቆማል፣ ያረጀ ግንዱም ቅርፊት በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይሰነጠቃል። ሁለቱም ሲቆስሉ እንደ ኮክና ፕለም ማር የመሰለ ሙጫ አያወጡም። ስለዚህ የእርስዎ ግንድ ላይ የደረቀው ሙጫ አፕልንና ፒርን ከዝርዝሩ ለማውጣት በቂ ክብደት አለው።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። የሚበላው በለስ የሾላና የዋርካ ዘመድ በመሆኑ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል፤ በወፍራም ቀንበጡ ዙሪያም በየአንጓው ሙሉ ቀለበት የሆነ ጠባሳ አለ። ወተቱ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ቆርጠው ከፈተሹ እጅዎን ይታጠቡ። ሮማን ከሥሩ ብዙ ሆኖ ይወጣል፤ ቀጫጭን ቅርንጫፎቹ ጫፋቸው እንደ እሾህ ይሾላል። ከደብረ ብርሃን ወረድ ባሉ ቦታዎች ለአጥር የሚተከለው ኮርች በግንዱ ላይ እሾህ አለው፣ እንጨቱም ቀላል ነው። ይኸው ጥያቄ ከሸዋ ሮቢት ወይም ከአጣዬ ቢመጣ ደግሞ መልሱ ሌላ ነበር። እዚያ በበጋ ቅጠሉን የሚያራግፍ የጓሮ ዛፍ ጃካራንዳ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ክብና ጠፍጣፋ እንጨታማ የዘር ቤቱ ያጋልጠዋል። ቢጫ የተሸበሸቡ ፍሬዎች በዘለላ የተንጠለጠሉበት ከሆነ ሜሊያ ነው፤ ፍሬው ለልጅም ለከብትም መርዝ ነው። ብሳናና ዋንዛም በዝርዝሩ ይገባሉ። ከፍታውን ሳይጠይቁ የዛፍ ስም የሚሰጡ ሰዎችን አይመኑ።

ከሥሩ ያገኟቸው ዘሮች ደግሞ ጉዳዩን ከሞላ ጎደል ይዘጉታል። በጥልቅ የተቦረቦረውና የተቦጫጨረው የኮክ ዘር ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ በአንድ ጎኑ ስለታም ጠርዝ ያለው፣ ላዩ ለስላሳ ወይም በጥቂቱ ሻካራ የሆነው የፕለም ነው። አንዱ የሌላው ያልበሰለ መልክ አይደለም፤ ቦርቡሩ በፍሬው ውስጥ ሳለ የሚቀረጽ እንጂ ከጊዜ ጋር የሚመጣ ወይም የሚጠፋ አይደለም። የዘር ማስረጃ አንድ ድክመት አለው፤ ሰውም ልጅም ወፍም ከሌላ ቦታ ያመጣዋል። ሁለቱም ዓይነት በብዛት ከዚሁ ዛፍ ሥር ከተገኙና ቀንበጦቹም ያንኑ ከተናገሩ ግን በአጋጣሚ የመጣ ነው ማለት ይከብዳል።

አሁን እብጠቱ። ያ በሽታ ሳይሆን ዛፉ የተዳቀለበት ቦታ ነው። ፕለም ከዘር ቢተከል የእናቱን ፍሬ ስለማይመስል፣ ችግኝ የሚያዘጋጁ ሰዎች ከዘር ያበቀሉትን ኮክ ከመሬት ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆርጠው የተመረጠውን የፕለም ቀንበጥ ያያይዙበታል። ኮክ ከዘር በቀላሉ ስለሚበቅልና ከፕለም ጋር ስለሚስማማ ለዚህ ሥራ ይመረጣል። መጋጠሚያው ከዓመታት በኋላ እንደ ጉልበት ያብጣል፤ ከበላዩና ከበታቹ ያለው ቅርፊትም ብዙ ጊዜ በቀለምና በሸካራነት ይለያያል። እንክብካቤ ሲጓደል፣ ሥሩ በዶማ ሲቆስል ወይም የላይኛው ክፍል ሲደክም የታችኛው ኮክ የራሱን ቡቃያ ይተኩሳል። እነዚያ ናቸው አምስት ስድስቱ ቀጥ ያሉ ቅርንጫፎች። ሦስት አራት ዓመት ሳይነኩ ከቆዩ ያፈራሉ፤ ጎረቤትዎም ኮክ ያዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ከመሬት ብቆርጠው ታድሶ ይወጣል ያሉት እውነት ነው፤ የሚወጣው ግን ሌላ ዛፍ ነው። ከእብጠቱ በታች በተቆረጠበት ቅጽበት ፕለሙ ለዘለዓለም ይሄዳል፤ የሚተርፍዎት ፍሬው ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ ይጣፍጥ አይጣፍጥ ማንም አስቀድሞ ሊነግርዎ የማይችል ከዘር የበቀለ ኮክ ነው።

ውሃውን አቁሙ ያልኩት እዚህ ጋር ይገናኛል። ቅጠል የሌለው ዛፍ ውሃ የሚተንበት በር ስለሌለው የሚጠጣው በጣም ጥቂት ነው፤ ቅጠሉን ያራገፈውም ስለጠማው አይደለም። በቀን 40 ሊትር የሚፈሰው ውሃ ሥሩ ዙሪያ ይተኛል። መሬቱ በሰሜን ሸዋ ደጋ በብዛት የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር ከሆነ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው፤ ውሃ ይዞ አይለቅም፣ አየር ከሥሩ ያስወጣል። የኮክ ሥር ከፍሬ ዛፎች ሁሉ ውሃ ሲተኛበት ቶሎ ከሚታፈኑት አንዱ ነው፤ የእርስዎ ፕለም ደግሞ የቆመው በኮክ ሥር ላይ ነው። ከግንዱ 60 ሴንቲ ሜትር ርቀው 20 ሴንቲ ሜትር ይቆፍሩና አንድ እፍኝ አፈር ጨብጠው ይዩ። ተድበልብሎ ከያዘ ውሃ አያስፈልገውም። ከተበታተነ 40 ሊትር በሦስት ሳምንት አንዴ ይበቃዋል፤ እሱንም ግንዱ ላይ ሳይሆን ከግንዱ ራቅ ብሎ በተቆፈረ ክብ ቦይ ውስጥ ያፍስሱ። እንቡጡ ማበጥ ሲጀምር በሳምንት አንድ ጊዜ ያድርጉት። ሲኮተኩቱ አፈር እብጠቱ ላይ እንዳይከመር ይጠንቀቁ፤ መጋጠሚያው ከተቀበረ ፕለሙ የራሱን ሥር ያወጣል፣ ቅርፊቱም ሊበሰብስ ይችላል።

ሙጫው ብቻውን በሽታ አይደለም። ኮክና ፕለም ሲቆስሉ፣ ውሃ ሲበዛባቸው ወይም ሲጨነቁ የሚያወጡት ነው። ንጹሕና ወርቃማ ሆኖ ከደረቀ ይተዉት። ሰጋቱራ የመሰለ ዱቄት ከተቀላቀለበት ግን ግንድ የሚበሳ ትል ውስጥ አለ፤ ቀዳዳውን ፈልገው በቀጭን ሽቦ ትሉን መውጋት ያስፈልጋል። ከሙጫው ዙሪያ ቅርፊቱ ጠልቆና ጠቁሮ ከተገኘ፣ ያ የሞተ ቁስል ስፋቱ ከግንዱ ዙሪያ ግማሹን አልፎ እንደሆነ ይለኩ። ካለፈ ዛፉ ረጅም ዕድሜ የለውም፤ ከታች የምጽፈው ምክርም ይለወጣል።

እስከ አበባው መጠበቅ ካልፈለጉ ቤት ውስጥ ማስነቃት ይቻላል። በጥር አጋማሽ ከላይኛውም ከታችኛውም ክፍል ሁለት ሁለት ቀንበጥ፣ እያንዳንዱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ወፈር ያለ እንቡጥ ያለበትን መርጠው ይቁረጡ። የታችኛውን ጫፍ ሰያፍ አድርገው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ያቁሙት፤ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ሞቅ ያለ ክፍል ያስቀምጡ። ውሃውን በየሁለት ቀኑ ይለውጡ፣ በየለውጡም ከታች አንድ ሴንቲ ሜትር ይቁረጡለት። ቅዝቃዜው ሞልቶለት ከሆነ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይከፈታል። ካልተከፈተ ዛፉ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ገና አልጠገበም ማለት ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ ቀንበጥ ይሞክሩ።

ጓሮ ውስጥ ግን ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ራሱ ይናገራል። የኮክ አበባ ሮዝ ነው፤ ከአንድ እንቡጥ አንድ አበባ ከቅጠሉ ቀድሞ ይወጣል። የፕለም ነጭና አነስ ያለ ነው፤ ከአንድ እንቡጥ ሁለት ሦስት ሆኖ ጉጡን ይሸፍነዋል። ከላይ ነጭ ከታች ሮዝ ካዩ ክርክሩ አለቀ። ሁሉም ሮዝ ከሆነ ፕለሙ ቀድሞ ሞቶ ኮክ ብቻ ቀርቷል፣ ወይም ኮክ በኮክ ላይ ተዳቅሏል። ሁሉም ነጭ ሆኖ ከአበባው ጋር ቅጠሉም አብሮ ከወጣና አበባው ሮዝ ከነካው፣ እኔ የጻፍኩትን ትተው አፕል ነው ብለው ይነሱ። የሚጠበቀው አበባ ሳይመጣ ቢቀርም ውርጩን ይጠርጥሩ፤ የተኛ እንቡጥ ብርዱን ይችለዋል፣ የተከፈተ አበባ ግን ሙቀቱ ከዜሮ በታች 2 ወይም 3 ዲግሪ ሲደርስ ይጠቁራል። መሐሉ የጠቆረ አበባ ፍሬ አይዝም፤ ለመለየት ግን ያገለግላል።

ምን ይደረግ? ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ፕለሙን ይዞ የኮኩን ቡቃያ ማስወገድ ነው። ሁለተኛው ፕለሙን ትቶ ኮኩን ማሳደግ ነው። ሦስተኛው ሁለቱንም ማቆየት ሲሆን ብዙ ሰው የሚወደው ይህን ነው፤ በአንድ ዛፍ ሁለት ፍሬ! አይሠራም። ከሥሩ የሚመጣውን ምግብ በቅርበት የሚያገኘው ኮኩ ስለሆነ በጥቂት ዓመት ፕለሙን ያደክመዋል። ኮኩ ለፕለሙ የአበባ ብናኝ ይሰጠዋል የሚለውም ተስፋ የማይታመን ነው፤ ፍሬ ለማግኘት ብዙዎቹ የፕለም ዝርያዎች ሌላ ፕለም በአቅራቢያቸው ይፈልጋሉ። ጎረቤቶችዎ «ያብባል፣ ፍሬው ግን ጥቂት ነው» የሚሉ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

እኔ የምመክረው የመጀመሪያውን ነው፤ ፍተሻው ከእብጠቱ በላይ ሕያው ልጥ ካሳየ ማመንታት አያስፈልግም። አሁን ከእብጠቱ በላይ ባለው እያንዳንዱ ዋና ቅርንጫፍ ላይ ነጭ ጨርቅ፣ ከበታቹ በወጡት ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰሩ። ፈትሸው ሙሉ በሙሉ የደረቀ መሆኑን ካረጋገጡት እንጨት በስተቀር ምንም አይግረዙ። ኮክ የሚያፈራው ባለፈው ዓመት በወጣ ቀንበጥ ላይ ነው፤ ስለዚህ በየዓመቱ በብርቱ ይገረዛል። ፕለም ግን ብዙውን ፍሬ ዓመታት በሚቆየው ጉጥ ላይ ስለሚይዝ እንደ ኮክ የተገረዘ ፕለም ለሁለት ሦስት ዓመት ባዶውን ይቆማል። አበባው ታይቶ ቀይ ጨርቅ ያለባቸው ሮዝ መሆናቸው ሲረጋገጥ በዙሪያቸው ያለውን አፈር ይግለጡ፤ ቡቃያዎቹን ከተነሱበት ቦታ ወደ ታች ገንጥለው ያውጡ። በመቀስ ከላይ ብቻ ከተቆረጡ በቀረው ጉቶ ላይ ያሉት እንቡጦች በአንዱ ፋንታ ሦስት ያወጣሉ። ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ የወፈረውን በመጋዝ ከግንዱ ጋር አስተካክለው ይቁረጡ። ሥራው ዝናብ በሌለበት፣ ቁስሉ በሚደርቅበት ቀን ይሁን፤ በክረምት የተቆረጠ ኮክና ፕለም ለፈንገስ በር ይከፍታል።

ከእብጠቱ በላይ አረንጓዴ ልጥ ጭራሽ ካልተገኘ ብቻ ወደ ሁለተኛው ይሂዱ። የሞተውን ከእብጠቱ በላይ ቆርጠው፣ ከኮኩ ቡቃያዎች ቀጥ ያለውንና ለግንዱ ቅርብ የሆነውን አንዱን ብቻ ያስቀሩ። ያ ቡቃያ የእርሳስ ውፍረት ካለው በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት ጥሩ ፕለም ካለው ሰው ያልነቃ ቀንበጥ ወስዶ ማዳቀል ይቻላል። ሥሩ አስቀድሞ መሬት የያዘ ስለሆነ አዲስ ችግኝ ገዝቶ ከመትከል በፍጥነት ያድጋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የማይታወቅ ነገር ይቀራል፤ የፕለሙ የዝርያ ስም። ቀንበጡ ዛፉ ፕለም መሆኑን ይናገራል እንጂ የትኛው ፕለም እንደሆነ አይናገርም፤ አበባውም አይበቃም። ፍሬው ሲደርስ ቆዳው፣ የሥጋው ቀለም፣ ዘሩ ከሥጋው መላቀቅ አለመላቀቁና የደረሰበት ወር ተመዝግቦ ከታወቀ ዛፍ ጋር ሲነጻጸር ነው ግምቱ የሚጠብበው። ዕድሜውንም በቀንበጡ ቀለበት ልቁጠር አይበሉ፤ በዚህ አገር ዛፉ በበልግም በክረምትም ሊያድግ ስለሚችል አንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊያስቀምጥ ይችላል።

በግ ወይም ፍየል ካለዎት የነቀሉትን ቡቃያ አይጣሉላቸው። የጠወለገ የኮክና የፕለም ቅጠል በከብት ሆድ ውስጥ ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ ያወጣል፤ ከእርጥቡ ይልቅ የጠወለገው ይብሳል። ልጆች ከሥሩ የለቀሙትን ዘር ፈርክሰው ውስጡን እንዳይበሉ፣ ቀንበጡንም ማንም መፋቂያ እንዳያደርገው ይንገሯቸው። የተቆረጠው ሁሉ በግ በማይደርስበት ቦታ ሙሉ በሙሉ ይድረቅና ከዚያ ለማገዶ ይዋል።